ኮሶ በወረቀት ላይ

ወረቀቱ ቁመቱ 42፣ ወርዱ 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ አሲድ የሌለበት። አሲድ ያለበት ወረቀት በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል፤ ይህኛው መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቆይ ታስቦ የተመረጠ ነው። በላዩ የአንድ የኮሶ ቅርንጫፍ ጫፍ ከነቅጠሉ ተዘርግቷል። ከታች በስተቀኝ ጥግ መግለጫ ተለጥፋለች። ከላይ ከወረቀት የታጠፈች ትንሽ ኪስ አለች። የቀረው ቦታ ባዶ ነው። ባዶነቱም ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

ይህ ናሙና ይባላል፤ ናሙናዎች ተሰድረው የሚቀመጡበት ቤት ደግሞ ሄርባሪየም። አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም እንዲህ ያሉ ናሙናዎች ከ80 ሺህ በላይ አሉት። የትኛው ዝርያ በየትኛው ተራራ እንደሚበቅል፣ የትኛው እየተመናመነ እንደሆነ፣ የትኛው ደን ቅድሚያ ጥበቃ እንደሚሻው የሚነገረው ነገር ምንጩ ቢፈለግ ቢፈለግ መጨረሻው ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በጥንቃቄ ካልተሠራ በላዩ የተገነባው ሁሉ ይነቃነቃል። እኔም ስለ ብዝኀ ሕይወት ሳስብ ዓይኔ ከትልቁ ነገር ይልቅ ወደዚህ የእጅ ሥራ ያዘነብላል።

የኮሶ ቅጠል ለዚህ ወረቀት የተለካ ነው የሚመስለው። አንድ ሙሉ ቅጠል እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ዳርና ዳሩ ላይ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ተርፎ ይገባል። ቅጠሉ ከመሃል ዘንጉ ግራና ቀኝ በተደረደሩ ንዑስ ቅጠሎች የተሠራ ነው። ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ አለው። በትልልቆቹ መካከል ደግሞ ትንንሽ፣ ወደ ክብነት የሚያደሉ ሌሎች ቅጠሎች ጣልቃ ይገባሉ። ኮሶን ሲያይ ያደገ ሰው እንኳ እነዚህን ትንንሾቹን ልብ ላይላቸው ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ግን የሚደበቁበት የለም። ከዘንጉ ግርጌ ቅርንጫፉን የሚያቅፍ ስስ ክንፍ አለ። ቅጠሉ ተቀንጥሶ ከተወሰደ ይህ ክንፍ ዛፉ ላይ ይቀራል፤ ናሙናውም ጎደሎ ይሆናል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቅጠል አይቀነጥስም። የቅርንጫፉን ጫፍ በመግረዣ መቀስ ቆርጦ ቅጠሉን፣ ክንፉን፣ የረገፉ ቅጠሎች ቅርንጫፉ ላይ የተዉትን ቀለበት ሁሉ አንድ ላይ ይወስዳል።

አበባው ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኮሶ ወንዴና ሴቴው ለየብቻው ዛፍ ነው። የሴቴው የአበባ ዘለላ ቀላ ያለና ደልደል ያለ ነው፤ ለመድኃኒት ሲፈለግ የኖረውም እሱ ነው። የወንዴው ፈዘዝ ያለ ቀለምና ልል ዘለላ አለው። ሰብሳቢው ከሁለቱም ይወስዳል፤ ለእያንዳንዱ ግን የየራሱን ቁጥር ይሰጣል። ደንቡ የማያወላውል ነው፤ አንድ ቁጥር ማለት አንድ ተክል፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን ማለት ነው። ከጎረቤት ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት ቢመስልም በዚያው ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ዘለላው ወፍራም ስለሆነ እንዳለ አይጨመቅም፤ መሳሳት አለበት። እዚህ ላይ በጣም የማደንቀው አንድ ልማድ አለ። ጥሩ ሰብሳቢ ቅጠል ወይም የአበባ ቅርንጫፍ ሲያሳሳ ከሥሩ ጨርሶ አያነሳውም። ጥቂት ሚሊ ሜትር ጉቶ ይተዋል። ከ80 ዓመት በኋላ ወረቀቱን የሚያይ ሰው ጉቶውን ቆጥሮ በዚህ ቦታ ቅጠል እንደነበረ፣ ቅጠሎቹ ተፈራርቀው ይሁን ትይዩ ሆነው እንደበቀሉ ያውቃል። የተወገደው ነገር እንኳ ምስክርነቱ ይቀራል።

ቀጥሎ መጨመቂያው ነው። ተክሉ ገና ትኩስ ሳለ በጋዜጣ እጥፋት ውስጥ ይዘረጋል። ቢያንስ አንድ ቅጠል ይገለበጣል። የቅጠል ፊት ብዙውን ጊዜ ለስላሳና ዝም ያለ ነው፤ ዝርያን ከዝርያ የሚለየው ጠጉር፣ የጅማቶቹ አወጣጥ፣ ዘይት የቋጠሩት ነጠብጣቦች ጀርባው ላይ ናቸው። ተክሉ አንዴ ከደረቀ በኋላ ቅጠል ልገልብጥ ቢሉት ይሰበራል። ስለዚህ ይህ ውሳኔ የሚወሰነው ሜዳ ላይ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ከጋዜጣው ውጪ ውሃ የሚመጥ ወረቀት፣ ከዚያ ውጪ አየር የሚያሳልፍ ባለ ቦይ ካርቶን ይገባል። ከላይና ከታች የእንጨት ርብራብ ይደረግና በሁለት ጠፍር ይታሰራል። ተክሉ እየደረቀ ሲሄድ ክምሩ ይሟሽሻል፤ ጠፍሩ ይላላል። እንደገና ይጠበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጠው ወረቀት በየዕለቱ ይለወጣል፤ ጋዜጣው ግን አይነካም፤ የተክሉ አቀማመጥ እንዳይበላሽ።

በአገራችን የዚህ ሥራ ፈተና ወቅቱ ነው። አደይ አበባ የሚፈካው፣ የደጋው ሣር የሚያሸተው ክረምቱ ወጣ ሲባል ነው፤ አየሩ ግን ያኔም እርጥብ ነው። ቀስ ብሎ የደረቀ ቅጠል ይጠቁራል፣ ይሻግታል። በእሳት አጠገብ ተጣድፎ የደረቀ ደግሞ ይሰባበራል። በመሃል ያለው ልክ ጠባብ ነው። እሬትና ቁልቋልማ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ናቸው። በውስጣቸው በቋጠሩት ውሃ መጨመቂያ ውስጥ ሆነው ለሳምንታት በሕይወት ይቆያሉ፤ አንዳንዱ እዚያው ታስሮ አበባውን ለማውጣት ይሞክራል። እነዚህ በቁመታቸው ይሰነጠቃሉ፣ ሥጋቸው ይፋቃል፣ ወይም የፈላ ውሃ ውስጥ ይነከራሉ። ሣር ረዥም ከሆነ አይቆረጥም፤ አንዴ ወይም ሁለቴ ታጥፎ ከሥሩ እስከ ዛላው በአንድ ወረቀት ይገባል። ሥር የሌለው ሣር ዓመታዊ ይሁን ለብዙ ዓመት የሚኖር አይታወቅም፤ ብዙ የሣር ዝርያዎች የሚለዩበት የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ እሱ ነው።

ስለ ጅባራ ምን ይባላል? በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከ3000 ሜትር በላይ የሚቆመው ይህ ተክል በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቅጠሉን ሲያከማች ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። ያበበው ግንድ ከነአበባ ዘንጉ ከሰው ቁመት በብዙ ይበልጣል። ይህን 42 ሴንቲ ሜትር ላይ ማስፈር የጥሩ ሰብሳቢ መፈተኛ ነው። አንድ ቅጠል ታጥፎ ይገባል። ከአበባ ዘንጉ አንድ ቁራጭ ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ገጽ ከውጪ፣ ሌላው ከውስጥ እንዲታይ ይደረጋል። ጥቂት አበቦች ኪስ ውስጥ ይገባሉ። የቀረውን ሁሉ፣ የግንዱን ቁመትና ውፍረት፣ የቅጠሎቹን ክምችት ስፋት፣ ዘንጉ ከየት ጀምሮ አበባ እንደያዘ፣ መግለጫው በቁጥር ይናገራል።

ናሙናው ወደ ቤት ሲገባ በቀጥታ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ በሚጠጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ ነቀዝ ከነእንቁላሉ እንዲሞት። ከዚያ ወደ ለጣፊው ጠረጴዛ ይመጣል። ስሱ ክፍል በሙጫ ይያዛል። ሙጫ የማይችለው ወፍራም ግንድ ደጓሽ ጥራዝ እንደሚሰፋ በመርፌና ክር ይሰፋል፤ ቋጠሮው ከወረቀቱ ጀርባ ይሆንና የሥሩን ናሙና እንዳይፍቅ በቁራጭ ወረቀት ይሸፈናል። የረገፈ ዘር፣ የወደቀ ቅጠል፣ የተበጠሰ አበባ አይጣልም፤ ኪሷ የተሠራችው ለዚያ ነው። በጊዜያችን ደግሞ ጥቂት የቅጠል ቁራጮች ሜዳ ላይ ሳሉ በሲሊካ ጄል ደርቀው ለብቻ ይቀመጣሉ፤ ለዲኤንኤ ምርመራ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለጣፊው ሁሉንም ተክል ወረቀቱ መሃል ላይ አያስቀምጥም። አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ፣ ወፍራሙን ግንድ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ያደርጋል። አንድ ወረቀት ብቻ ላየ ሰው ይህ ዝም ብሎ የተደረገ ይመስለዋል። ሃምሳ ወረቀት ሲደራረብ ግን ክምሩ ደልዳላ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሁሉም መሃል ላይ ቢሆን ኖሮ መሃሉ አብጦ ጠርዙ ይጎብጥ ነበር።

ከሁሉ የምወደው መግለጫዋን ነው። ተክል ሲደርቅ የሚያጣው ብዙ ነው። የኮሶው ቅላት ቡናማ ይሆናል። የጦስኝ ሽታ ይበናል። የዛፉ ቁመት፣ የልጡ አቀራረፍ፣ አበባው ወደ ላይ ያይ እንደነበር ወይስ ይንጠለጠል እንደነበር፣ ሁሉም ሜዳ ላይ ይቀራል። መግለጫው የሚይዘው ወረቀቱ ሊይዝ ያልቻለውን ነው። ወረቀቱ ላይ የሚታየውን ደግሞ መጻፍ አያስፈልግም፤ ቅጠሉ ጥርስ አለው ብሎ የሚጽፍ ሰው ቦታ ያባክናል።

ቦታውን በተመለከተ ግን ማባከን የሚባል የለም። «ሸዋ» ብቻ የሚል መግለጫ አለ እንበል። አንዳንድ ጥንታዊ ናሙናዎች ከዚህ ብዙም አይሻሉም። በአንጻሩ ከየትኛው ከተማ ተነስቶ ወደ የትኛው በሚወስደው መንገድ በስንተኛው ኪሎ ሜትር፣ ከመንገዱ በየትኛው ወገን፣ ገደል ላይ ይሁን ረግረግ፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ ከየትኞቹ ዛፎች ጋር የሚለውን በሦስት መስመር የጨረሰ መግለጫ አለ። ከዚያ የተክሉ የአካባቢ ስም፣ ሰዎች ለምን እንደሚጠቀሙበት፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥር። ቀኑ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይጻፋል፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ሳይገለጽ ከቀረ ናሙናው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከፍታውና ኪሎ ሜትሩ በትክክል ከተጻፈ ጂፒኤስ ባልነበረበት ዘመን የተሰበሰበ ናሙና ዛሬም ካርታ ላይ ሊተከል ይችላል።

የሰብሳቢው ቁጥር ከመጀመሪያው ናሙና ጀምሮ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል፤ ዓመት ሲለወጥ ከአንድ አይጀምርም። በዚያ ቁጥር ከአንድ ተክል በርከት ያሉ ቅርንጫፎች ተወስደው አቻ ናሙናዎች ይዘጋጃሉ። አንዱ አገር ውስጥ ይቀራል፤ ሌሎቹ ወደ ሌሎች ሄርባሪየሞች ይላካሉ። የዚህን ልማድ ዋጋ ለመረዳት የጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐርን ሥራ ማየት ይበቃል። ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ አብዛኛውን ዘመኑን በትግራይ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ ሞተ። ጦስኝ በሳይንሳዊ ስሙ የእሱን ስም ይዟል። የሰበሰባቸው ናሙናዎች የታተመ መግለጫ እየተለጠፈባቸው በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ተበተኑ። በመጋቢት 1943 መጀመሪያ በርሊን በአየር ስትደበደብ በዳህለም የነበረው ሄርባሪየም ተቃጠለ። ከአፍሪካ የሄዱ፣ ዝርያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰየሙባቸው ብዙ ናሙናዎች በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆኑ። አቻቸው ፓሪስ ወይም የለንደኑ ኪው ወይም ፍሎረንስ የነበረ ግን ስማቸው ተረፈ። ተመራማሪዎች የተረፈውን አቻ አውጥተው በተቃጠለው ቦታ የስሙ መሠረት አደረጉት። አድዋ አጠገብ በአንድ ቅርንጫፍ ፈንታ አምስት የቆረጠው እጅ ከመቶ ዓመት በኋላ ያዳነውን ሳስብ፣ አቻ ናሙና ማዘጋጀት አሰልቺ ሥራ ነው የሚሉ ተማሪዎችን ቁጭ አድርጌ ይህን ብነግራቸው እወዳለሁ።

አሁን ወደ ባዶው ቦታ። አንድ ተመራማሪ ናሙናውን መርምሮ ስሙ ልክ አይደለም ካለ የድሮውን ስም አይሰርዝም። አዲሱን ስም፣ የራሱን ስምና ዓመቱን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከጎኑ ይለጥፋል። ከ30 ዓመት በኋላ የሚመጣው ሌላ ሰው ሦስተኛ ይለጥፋል። አንዳንድ ወረቀት ላይ እንዲህ ያሉ አራትና አምስት ቁራጮች ተሰልፈዋል። ማን ምን ብሎ እንደነበር፣ መቼ ሐሳቡ እንደተለወጠ ሁሉ ተክሉ አጠገብ ይነበባል። የተሳሳተውም ሰው ስሙ አይፋቅም። ለጣፊው ባዶ ቦታ የተወው ገና ላልተወለደ ተመራማሪ ነው።

ከእነዚህ ወረቀቶች መጽሐፍ ወጣ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ሥራ በ1980 በአዲስ አበባና በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር፣ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ተጀመረ። በዚህ በኩል ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ በኡፕሳላ በኩል ኦሎቭ ሄድበርግና ኢንጋ ሄድበርግ ጀመሩት፤ እነ ሰብስቤ ደምሰውና እንሰርሙ ቀልቤሳ ከዳር አደረሱት። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1989፣ የመጨረሻው በ2009 ታተመ። ስምንት ቅጽ፣ አሥር መጽሐፍ። ቅጾቹ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አልወጡም። ቀድሞ የወጣው ቅጽ 3 ነው፤ ቅጽ 1 የወጣው በመጨረሻው ዓመት። የተዘጋጀው ያልተዘጋጀውን አልጠበቀም። በውስጡ 6 ሺህ ገደማ ዝርያዎች ተገልጸዋል፤ ከአሥሩ አንድ ያህሉ ከእነዚህ ሁለት አገሮች ውጪ አይበቅልም።

የመዝገቡ ጥበብ ያለው በመለያ ቁልፉ ነው። ቁልፍ ማለት ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጻፉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ እውነት መሆን አለበት። እውነት የሆነው ወደ ቀጣዩ ጥንድ ይመራል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ስም ይቀራል። በግራሮቹ እንየው። እሾሁ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የተቆለመመ? ቀጥ ያለውም የተቆለመመውም በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተቀላቅሎ ከተገኘና ፍሬው የሚጠማዘዝ ከሆነ፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ጥላውን የሚዘረጋው ግራር ነው። የተቆለመመ ብቻ ከሆነ፣ በየአንጓው ሁለት ነው ወይስ ሦስት? ሦስት ከሆነ የመሃለኛው ወደ ታች፣ የግራና የቀኙ ወደ ላይ ይቆለመማሉ። ይህ ሙጫ የሚለቀመው ግራር ነው፤ በእሾሁ ብቻ ተለየ። አበባና ፍሬ አላስፈለገም።

ጥሩ ቁልፍ ጻፊ ይህን ያስባል። በእጅ ያለው ናሙና አበባ ይዞ ፍሬ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ በጥንዱ በአንደኛው ወገን አበባውን ጠቅሶ በሌላው ፍሬውን አይጠቅስም። አንደኛው ወገን ስለ ቅጠል ርዝመት ካወራ ሌላውም ስለ ቅጠል ርዝመት ያወራል። «ትልቅ» እና «ትንሽ» አይልም፤ ሚሊ ሜትሩን ይሰጣል። የዝርያው መግለጫ ላይ ደግሞ ቁጥሮቹ በቅንፍ ይታቀፋሉ፤ (2–)4–7(–10) ሲል አብዛኛው ቅጠል ከ4 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አልፎ አልፎ ግን 2 ወይም 10 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በአንድ መስመር ልማዱንና ዳር ድንበሩን ይሰጣል። እንዲህ ያለ መስመር ለመጻፍ ብዙ ወረቀት ተገልጦ፣ ብዙ ቅጠል በማስመሪያ ተለክቷል።

ሥዕሎቹም እንዲሁ ናቸው። ጥቁር ቀለም፣ ስስ መስመር፣ ጥላው በነጠብጣብ። ሠዓሊው ከኪሷ አንድ ደረቅ አበባ አውጥቶ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ አበባው ይለሰልስና ቅርጹን ይመልሳል። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ሥር በመርፌ ይከፈታል፣ ይለካል፣ ይሣላል። ከዚህ ቀደም ብሎ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአሳሹ ጄምስ ብሩስ ጋር መጥቶ ጎንደር ላይ የሞተው የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ኮሶን ከሕይወቱ ሥሎታል፤ ከወረቀቱ ናሙና ጋር ማስተያየት የሚያስደስት ሥራ ነው።

በመዝገቡ ከእያንዳንዱ ዝርያ በታች ሁለት ሁለት ፊደል ያላቸው ምልክቶች ተሰልፈዋል። ጎንደር፣ ጎጃም፣ የወሎ ደጋ፣ የሸዋ ደጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋሞ ጎፋ፣ ሐረርጌ። በየዘመኑ አስተዳደሩ ቢከለስም መዝገቡ የድሮዎቹን ክፍላተ ሀገር ይዞ ቀጠለ። ልክ ነበር። በ1989 የታተመውና በ2009 የታተመው ቅጽ በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገሩ አስችሏል።

ከወረቀቱ ወደ ካርታ የሚደረገው ጉዞ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባለሙያው የመግለጫውን ቃል ያነባል፤ መንገዱን ካርታ ላይ ያገኛል፤ ኪሎ ሜትሩን ይቆጥራል፤ ከፍታው የተጻፈውን ያህል የሆነበትን ነጥብ ይፈልጋል። ከዚያ ነጥቡን ይተክላል፤ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችልም በሜትር ይጽፋል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ሐቀኛው ነው። 500 ሜትር የሚል ነጥብና 20 ኪሎ ሜትር የሚል ነጥብ እኩል አይመዘኑም። ነጥቦቹ ሲበዙ አንድ ነገር ይገለጣል፤ ዋና ዋና መንገዶችን ተከትለው ይሰለፋሉ። ሰብሳቢ መኪና በሚገባበት ቦታ ቆመ፣ ጥቂት ገባ ብሎ ቆረጠ። ካርታው ላይ ባዶ የሆነ ቦታ ተክል የሌለበት ላይሆን ይችላል፤ ሰው ያልቆመበት ነው። ይህን ሳያውቁ ካርታውን ማንበብ አደገኛ ነው።

ዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ፓውሎ ፋን ብሬውግል በ2010 ያሳተሙት የኢትዮጵያ የዕፅዋት ሽፋን አትላስ ይህን ችግር በትዕግሥት የፈታ ሥራ ነው። 1300 ገደማ የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎች የት የት እንደተሰበሰቡ ተመረመረ። ከዚያ የትኞቹ ዝርያዎች በየትኛው ከፍታና የዝናብ መጠን አብረው እንደሚገኙ ታየ። ነጥብ ባልተተከለበት ቦታ ከፍታና ዝናብ ተተኩ። ውጤቱ 12 ዓይነት የዕፅዋት ሽፋን ነው፤ ከባሕር ጠለል በታች ካለው የአፋር ዝቅተኛ ቦታ እስከ ጅባራና ጓሳው ድረስ። ጥድና ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ያለበት ደረቅ የደጋ ደን ከ1800 ጀምሮ እስከ 3000 ሜትር፤ ከዚያ አስታው፤ ከዚያ ውርጭ። መስመሮቹ ተራራውን ሲዞሩ ያለው ልክነት፣ ዛሬ እርሻ የሆነው ቦታ ቢተዉት ምን ሊያበቅል እንደሚችል ይናገራል። ደን መልሶ ለሚተክል ሰው ከዚህ የሚበልጥ መነሻ አላውቅም።

ግን አሥር መጽሐፍም፣ አትላስም ታትሞ ሥራው አላለቀም። የቅጽ 3ን አተርና ግራር የጻፈው ስዊድናዊው ማትስ ቱሊን በ2007 አንድ አዲስ ግራር ለሳይንስ አስተዋወቀ። የተገኘው በኦጋዴን ነው። ልጡ ግራጫ፣ አበባው ሮዝ፤ የሚያብበውም በበጋ፣ ቅጠል ሳይኖረው ነው። የሸፈነው ስፋት 8000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከብት እያገደ ለኖረበት አርብቶ አደር እንግዳ አልነበረም፤ በየትኛውም ቁም ሣጥን ውስጥ ግን አንድ ቅርንጫፉ አልተሰፋም ነበር። አበባው የሚወጣው ሰብሳቢ በማይሄድበት ወቅት፣ ሰብሳቢም በማይደርስበት አገር ነበር።

ቡናን በተመለከተ ደግሞ ወረቀቶቹ ከታሰበላቸው በላይ ሠርተዋል። በ2012 ተመራማሪዎቹ አሮን ዴቪስ፣ ታደሰ ወልደማርያም ጎሌና ባልደረቦቻቸው የዱር ቡና ናሙናዎች የተገኙባቸውን ቦታዎች ከአየር ንብረት ትንበያ ጋር አገናኙ። ከእነዚህ ቦታዎች በ2080 ለዱር ቡና የሚስማሙት በቁጥር ቢያንስ በ65 በመቶ እንደሚቀንሱ፣ በከፋው ትንበያ ደግሞ ከሞላ ጎደል እንደሚጠፉ ጻፉ። የዱር ቡና የሚበቅልባቸው ያዩና ከፋ ከዚህ ጥናት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ሆነው ተመዝግበው ነበር።

እንዲህ ያለ ስሌት ሲሠራ በቡና ወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ቅጠሉም አበባውም አይደለም። ቡናው ጓሮ ያለ ነው፣ ደን ውስጥ የተተከለ ነው፣ ወይስ ማንም ሳይተክለው የበቀለ? ደርቆ ወረቀት ላይ ከተሰፋ በኋላ ሦስቱን የሚለይ ምንም ምልክት የለም። ሰብሳቢው በዚያን ቀን፣ በዚያ ጥላ ሥር ቆሞ «በተፈጥሮ ደን ውስጥ፣ ያልተተከለ» ብሎ ከጻፈ ነጥቡ ይተከላል። ካልጻፈ ናሙናው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ይቆያል፤ ካርታው ላይ ግን አይገባም።